ጥላ የሌለው አዝመራ፤ ሰብል ከፀሐይ ብርቱ ጨረር ራሱን እንደምን እንደሚጠብቅ

በየካቲትና በመጋቢት ወር በቀትር ጊዜ ከቦሌ እስከ ገርጂ፥ ከገርጂም እስከ አያት ባለው መንገድ የሚሄድ ሰው ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው። ጃንጥላ ያለው ጃንጥላውን ይዘረጋል፤ ወይዛዝርት ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ ጣል ያደርጋሉ፤ እናት ያዘለችውን ሕፃን ፊት በሻሽ ትሸፍናለች፤ ምንም ያልያዘ ሰው ደግሞ ጋዜጣውን አጥፎ ከግንባሩ ላይ ይጋርዳል። (ይህ የእኛ ጋዜጣም ለዚህ አገልግሎት ሲውል አይተነዋል፤ ከተነበበ በኋላ እንደ ሆነ ቅር አይለንም።) ሰው እግር ስላለው ወደ ጥላ ይሄዳል፤ ከብትም ከዛፍ ሥር ተኝቶ ያመሰኳል። በማሳ ላይ የቆመው ጤፍ፥ ገብስና ስንዴ ግን ከበቀለበት ቀን ጀምሮ እስኪታጨድ ድረስ ከዚያችው ስፍራ አይነቃነቅም። ታዲያ ያ እኛን በአንድ ሰዓት የሚያቃጥለን ጨረር እርሱን ወራት ሙሉ ሲመታው እንደምን ሳያጠፋው ቀረ?

ይህን ጥያቄ ያነሣንበት ምክንያት ከገዛ ጓሮአችን የደረሰ ነገር ስለ ሆነ አስቀድመን እርሱን እንናገራለን። ባለፈው ዓመት በየካቲት ወር በገርጂ ባለው ቤታችን ጓሮ ጎመንና ሰላጣ ለማልማት ዐስበን ከአንድ ችግኝ ሻጭ ዘንድ ሁለት መቶ ችግኝ ገዛን። ችግኞቹ በላስቲክ ቤት ውስጥ ያደጉ፥ ቁመታቸው የተመዘዘ፥ ቅጠላቸውም የለሰለሰ ነበርና ለዓይን ደስ ያሰኙ ነበር። በማግሥቱ ማለዳ ተከልናቸው፤ ውኃም አጠጣናቸው። በሦስተኛው ቀን ግን ቅጠሉ ክርታስ መስሎ ነጣ፤ ጠርዙም ተኰማተረ፤ ከሁለት መቶው ስድሳ የሚያህል ብቻ በሕይወት ቀረ። በቤተ ሰቡም መካከል ክርክር ተነሣ። ባለቤታችን ውኃው አነሰ አሉ፤ እኛ ደግሞ ውኃው በዛ አልን፤ የቤቱ ሠራተኛም ትል ነው ብሎ መሬቱን መቈፈር ጀመረ።

ክርክሩን የፈረዱልን አንዲት ጎረቤታችን ባልቴት ናቸው። እኚህ ሴት ቤታቸው ከመንገዱ ማዶ ከመሆኑ በፊት በቦሌ ቡልቡላ በኩል ከባላቸው ጋራ ሲያርሱ የኖሩ ናቸው። አንዱን ችግኝ ነቅለው ቅጠሉን በሁለት ጣታቸው አሹትና፥ «ልጄ፥ ይህ ችግኝ ፀሐይ አያውቅም። የዐሥር ቀን ጨቅላ ከአራስ ቤት አውጥቶ በሜዳ ላይ ማስተኛት ማለት ነው ያደረጋችሁት» አሉን። እኛም፥ «እማማ፥ ፀሐይ ለተክል ምግቡ አይደለም እንዴ?» ብንላቸው፥ «ምግብም ለለመደው ነው» ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ባገኘነው ጊዜ ሁሉ የተፈጥሮ ዕውቀት ሊቃውንት ስለዚሁ ነገር የጻፉትን ስንመረምር ባልቴቲቱ በሁለት ቃል የተናገሩት በብዙ ምርምር የተገኘው ያው ነገር ሆኖ አገኘነው። የፈረንጆችን ሊቃውንት ሥራ ስለምንጠቅስ ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመቶች በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ጨረሩ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ቀስተ ደመና ላይ ከሚታዩት መልኮች የመጨረሻው ሐምራዊው ነው። በ1801 ዓመት ዮሐን ሪተር የተባለ የጀርመን ሊቅ የብር ጨው የተቀባ ክርታስ ወስዶ የፀሐይን ብርሃን በመስተዋት ከፋፍሎ ቢያሳርፍበት፥ ክርታሱ ከሁሉ ይልቅ የጠቈረው ሐምራዊው ባረፈበት ስፍራ ሳይሆን ከሐምራዊው ወዲያ ምንም ብርሃን በማይታይበት ስፍራ ሆኖ ተገኘ። ዓይን የማያየው ይህ ብርሃን ዛሬ አልትራ ቫዮሌት ይባላል፤ ትርጓሜውም ከሐምራዊ ወዲያ ማለት ነው። ሊቃውንቱ በሦስት ይከፍሉታል። የመጀመሪያው ኤ የተባለው፥ ሞገዱ ከ315 እስከ 400 ናኖሜትር የሚደርሰው፥ ብዛቱ ከፍ ያለ ጉዳቱ ግን የቀለለ ነው። ሁለተኛው ቢ የተባለው ከ280 እስከ 315 ያለው ሲሆን በብዛቱ ጥቂት፥ በጉልበቱ ግን ብርቱ ነው። ሦስተኛው ሲ የተባለው ከሁሉ የከፋ ነው፤ ነገር ግን በላይኛው ሰማይ የተዘረጋው ኦዞን የተባለው አየር ፈጽሞ ስለሚያስቀረው ወደ ምድር አይደርስም። ኦዞን ከሁለተኛውም የሚበዛውን ያስቀራል፤ ያመለጠው ጥቂቱ ነው እንግዲህ የነገራችን ሁሉ መነሻ።

ይህ ያመለጠው ጥቂት በሁሉ አገር እኩል አይደለም። በምድር ወገብ አካባቢ የኦዞኑ ሽፋን ከሰሜንና ከደቡብ አገሮች ይልቅ ስስ ነው። ፀሐይም በአዲስ አበባ ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ፥ በሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ መጨረሻ ሳምንት፥ በቀትር ከአናት ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። በዚህ ላይ ከፍታው ይጨመራል። አንድ ሺህ ሜትር ወደ ላይ በወጡ ቁጥር የጨረሩ ኃይል ከመቶ ዐሥር ያህል እንደሚጨምር ተለክቷል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2334 ሜትር ከፍ ብሎ ስለሚገኝ፥ በዚያው በሜዳው ዳር የበቀለ ሣር በባሕር ዳርቻ ከሚበቅለው የአንድ አራተኛ ያህል የበለጠ ጨረር ይቀበላል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የዚህን ጨረር ብርታት በቍጥር ሲመድብ ከ11 ጀምሮ ያለውን እጅግ የበረታ ይለዋል፤ በአዲስ አበባ ሰማዩ የጠራ እንደ ሆነ በአብዛኛው የዓመቱ ወራት በቀትር ጊዜ ከዚህ ቍጥር በላይ ይወጣል። አየሩ ደግሞ ቀዝቃዛና ነፋሻ ስለ ሆነ ሰው ሙቀት ካልተሰማው ጨረር ያለ አይመስለውም። የባሕር ዳርቻ ሰው ላቡ ያስጠነቅቀዋል፤ የእኛን አገር ሰው የሚያስጠነቅቀው የለም።

ይህ ጨረር በሕያው ነገር ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ለማስረዳት እኛ ከምናውቀው ሥራ ምሳሌ ብንወስድ አንባቢ አይፈርድብንም ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ዕድሜአችንን በመዝገብና በብራና አጠገብ ስላሳለፍን፥ በመስኮት አጠገብ የሰነበተ ጽሕፈት እንደምን እንደሚገረጣ እናውቃለን። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥም አንድ ረጅም ጽሕፈት አለ። ዲ ኤን ኤ ይባላል፤ የተጻፈውም በአራት ፊደል ብቻ ነው። ተክሉ ስንት ቅጠል ያወጣ ዘንድ፥ መቼ ያብብ ዘንድ፥ ፍሬው ቀይ ወይም ነጭ ይሆን ዘንድ የሚያዝዘው በዚህ ጽሕፈት ውስጥ ነው፤ አንዱ የትእዛዝ ክፍልም ጂን ይባላል። ሁለተኛው ጨረር በዚህ ጽሕፈት ላይ ባረፈ ጊዜ ጐን ለጐን የቆሙትን ሁለት ፊደሎች፥ ይልቁንም ቲሚን የተባሉትን ሁለቱን፥ እርስ በርሳቸው ያጣብቃቸዋል። ቍም ጸሓፊ ቀለሙ ሳይደርቅ ብራናውን ሲያጥፈው ሁለት ፊደል ተለጥፎ የማይነበብ እንደሚሆን ያለ ነው። ቅጂ የሚገለብጠው ከዚያ ሲደርስ ይቆማል፤ ወይም ገምቶ ያልተጻፈውን ይጽፋል። ከዚያ ወዲያ ግድፈቱ ከቅጂ ወደ ቅጂ ይሄዳል። ጨረሩ ይህን ብቻ አይደለም የሚያደርገው፤ ቅጠሉ ምግቡን የሚያበስልበትን መሣሪያም ያበላሻል።

ተክሉ ግን ዝም ብሎ አይመታም። ለብዙ ዘመን ሊቃውንቱ ያስቸገራቸው ነገር ዓይን የሌለው ቅጠል ይህን ጨረር ከሌላው ብርሃን እንደምን ለይቶ ያውቀዋል የሚለው ነበር። መልሱ በ2011 ዓመት ታተመ። በቅጠሉ ሕዋስ ውስጥ ሁለት ሁለት እየሆኑ ተቃቅፈው የሚኖሩ፥ ዩ ቪ አር 8 የሚል ስም የተሰጣቸው ፕሮቲኖች አሉ። በውስጣቸው ትሪፕቶፋን የተባለ ንጥረ ነገር ስላለ ጨረሩን የሚቀበለው እርሱ ነው፤ ጨረሩ በነካቸውም ጊዜ ሁለቱ ይለያያሉ። የተለያየውም ብቸኛ ከሌላ ፕሮቲን ጋራ ተባብሮ፥ ተኝተው የነበሩትን የመከላከያ ጂኖች ያስነሣል። የጠረፍ ዘበኞች ጠላት ሲያዩ አንዱ በስፍራው ቀርቶ ሌላው ወደ ግቢ እንደሚሮጥ ያለ ሥርዓት መሆኑ ነው፤ ልዩነቱ እነዚህ የሚለያዩት በፈቃዳቸው ሳይሆን በጠላት መምታት ብቻ መሆኑ ነው። ጨረሩ ሲያልፍ ደግሞ ተመልሰው ይቃቀፋሉ።

የተነሡት ጂኖች የሚያሠሩት ምንድን ነው? ከሁሉ በፊት ፍላቮኖይድ የተባሉ ቅመሞችን ነው። ተክሉ እነዚህን በላይኛው የቅጠል ቆዳ ውስጥ ያከማቻቸዋል። የሚያስደንቀውም ሥራቸው ይህ ነው፤ የሚጐዳውን ጨረር ያስቀራሉ፥ ለምግብ ማብሰያ የሚያስፈልገውን ብርሃን ግን ያሳልፋሉ። የእኛ ጃንጥላ ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የሚከለክል፤ የገብስ ቅጠል መጋረጃ ግን መርጦ ይከለክላል። በገብስ ቅጠል ላይ የሚገኙት ዋነኞቹ ሳፖናሪንና ሉቶናሪን ይባላሉ፤ በጨረር ሥር ያደገ ገብስ እነዚህን በብዛት ይሠራል። ሥራቸው እውነት መሆኑ የታወቀው በተቃራኒው ነው። ከእነዚህ ቅመሞች የጐደለበት አንድ የገብስ ዘር በጨረር ሥር ቢፈተን ከወንድሙ ይልቅ ሲጐዳ ተገኝቷል። በተጨማሪም ተክሉ ቅጠሉን ያወፍራል፥ ቁመቱን ያሳጥራል። እንግዲህ ያ ለስላሳና ቁመተ ረጅም ችግኛችን መልካም ሆኖ የታየን በእኛ አለማወቅ ነበር፤ ቁመቱ የጋሻ ማጣት ምልክት ነው።

ክቡራት እመቤቶች ይህ ነገር ሩቅ እንዳይመስላቸው ከማድ ቤት ምሳሌ እናምጣ። በቡና ላይ የምንጨምረው ጤና አዳም ሩቲን የተባለ ፍላቮኖይድ አለበት፤ ይህም ቅመም ስሙን ያገኘው ሩታ ከሚባለው ከዚሁ ተክል የላቲን ስም ነው። ከቀይ ሽንኵርት ልጣጭ ውስጥም ኩወርሴቲን የተባለው የሩቲን ዘመድ በብዙ ይገኛል። በነካ እጃችን አንድ ማስጠንቀቂያ እንስጥ። ጤና አዳም በውስጡ ሌላ ቅመም ስላለው፥ ጭማቂው በቆዳ ላይ ሳይታጠብ ቆይቶ ፀሐይ የመታው እንደ ሆነ እንደ እሳት ውኃ ያቋጥራል። ስለዚህ ልጆች በቀትር ጤና አዳም ሲለቅሙ ቢውሉ እጃቸውን በሳሙና ማስታጠብ ይገባል።

ጋሻው ሁሉን አይመልስምና የተበላሸውን ጽሕፈት የሚያርም አራሚም አለ። ፎቶሊያዝ ይባላል። ይህ ፕሮቲን በጽሕፈቱ ላይ እየተመላለሰ ከተጣበቁት ፊደሎች ላይ ሲደርስ ይይዛቸውና ይለያያቸዋል። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ጉልበት ደግሞ ከብርሃን የሚያገኘው ነው፤ ከሰማያዊውና ከመጀመሪያው ጨረር። ፀሐይዋ በአንድ እጅዋ ታቈስላለች፥ በአንድ እጅዋ ታክማለች ማለት ነው። በዚህ አራሚ ላይ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ምን እንደሚያደርስ በጃፓን ሩዝ ታይቷል። ሳሳኒሺኪና ኖሪን 1 የሚባሉ ሁለት የሩዝ ዘሮች የቅርብ ዘመዶች ሲሆኑ፥ አንዱ ጨረርን የሚችል፥ ሌላው የማይችል ሆነው ተገኙ። ምክንያቱ ሲመረመር በአራሚው ፕሮቲን ውስጥ በአንዲት ስፍራ ያለች የአንዲት ንጥረ ነገር ልዩነት ሆነች። በኖሪን 1 አራሚው አለ፥ ነገር ግን ሥራው ዘገምተኛ ነው። እኛ ጸሓፊዎች እንዲህ ያለውን አራሚ በደኅና እናውቀዋለን።

እስከዚህ የተናገርነው አንድ ተክል በራሱ ዕድሜ ስለሚያደርገው ነው። ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚወረሰው ደግሞ ሌላ ነው። በደቡብ አሜሪካ በአንዴስ ተራራ ላይ ከጥንት ጀምሮ የሚዘራው በቆሎ ከቈላው በቆሎ ጋራ ሲተያይ፥ በቈላው ቅጠል ላይ የሚያንቀላፋ ፒ 1 የተባለ የትእዛዝ ጂን በተራራው በቆሎ ቅጠል ላይ በጨረር ሲነሣና ማይሲን የተባለውን ፍላቮኖይድ ሲያሠራ ተገኝቷል። በቲቤት አገር ከ4000 ሜትር በላይ በሚዘራው ልጣጭ የለሽ ገብስ ላይም ሊቃውንት ተመሳሳይ ነገር ጽፈዋል። በእነዚህ አገሮች ማንም ሰው ስለ ጨረር ሳያውቅ፥ የቻለው ዘር ቀርቶ ያልቻለው እየጠፋ፥ ገበሬውም ከቀረው እየመረጠ ዘሩን በየዓመቱ ሲያስቀምጥ የተሠራ ሥራ ነው።

የእኛም ደጋ ከነዚህ የሚያንስ አይደለም። ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተባለው የሩስያ ሊቅ በ1927 ዓመት ከጅቡቲ በድሬ ዳዋ በኩል አዲስ አበባ ገብቶ፥ ያን ጊዜ አልጋ ወራሽ ከነበሩት ከራስ ተፈሪ ዘንድ ቀርቦ ካነጋገረ በኋላ፥ በበቅሎ በሰሜን አገር በኩል እስከ አስመራ ድረስ ሄዶ የገብስና የስንዴ እሸት ሲሰበስብ፥ ከሁሉ ይልቅ ካስደነቁት አንዱ ፍሬው ሐምራዊ የሆነው ስንዴአችን ነው። ዛሬ በኒው ዚላንድና በካናዳ ለዳቦ የሚዘራው ሐምራዊ ስንዴ ቀለሙን የወረሰው ከኢትዮጵያ ስንዴ ነው። እኛ ግን ይህን ስንዴ በገበያ ስናየው ከነጩ ዝቅ አድርገን እንገምተዋለን።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይሳሳት ጥንቃቄ ማድረግ ያሻል፤ እኛም በመጀመሪያ ተሳስተን ነበርና። ቀዩና ሐምራዊው ቀለም አንቶሲያኒን ይባላል፤ ከፍላቮኖይድ ወገን ነው፤ ነገር ግን ዋነኛው የጨረር ጋሻ መልክ የለሹ፥ ዓይን የማያየው ወንድሙ ነው። ስለዚህ ቀይ ጤፍ ሁሉ ጋሻ ያለው፥ ነጭ ጤፍ ሁሉ ዕርቃኑን የቆመ ነው ማለት አይቻልም። በ2006 ዓመት ከደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል የወጣው ቁንጮ የተባለው ጤፍ ፍሬው ነጭ ሆኖ ሳለ በደጋው ፀሐይ መልካም ሆኖ ይበቅላል። የፍሬው ልጣጭ ቀለም ቢያጣም ቅጠሉ ጋሻውን ሊሠራ ይችላልና። ሊቃውንቱ በአንዲት ታናሽ አረም፥ አራቢዶፕሲስ በምትባለው፥ ይህን ለይተው አሳይተዋል። የፍሬዋ ልጣጭ ነጣ ያለ ዘሮችን ሰብስበው ቢመረምሩ፥ አንዳንዶቹ ቀለሙን ያጡት በልጣጫቸው ብቻ ስለ ሆነ በጨረር አልተበገሩም፤ የሥራው የመጀመሪያ ደጃፍ የሆነው ጂን የተበላሸባቸው ግን ቅጠላቸውም ባዶ ስለ ነበረ በጨረሩ ክፉኛ ተጐዱ። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም ነጣ ያሉ ናቸው። ገበያውም የሚያየው ውጩን ብቻ ነው።

የሚያሳስበን ነገር ስለዚህ የቀለሙ ጕዳይ አይደለም፤ የልዩ ልዩነቱ መጥፋት ነው። የደጋ ገበሬ ማሳ ላይ የሚገኘው ያገር ገብስ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ጥቁሩ፥ ሐምራዊው፥ ነጩ አንድ ላይ ተደባልቆ ነው የሚዘራው። (ጥቁሩ ቀለሙን የሚያገኘው ከአንቶሲያኒን ሳይሆን ሜላኒን ከሚባል ከሌላ ነገር መሆኑን በመንገድ እንናገራለን።) በዚያ ድብልቅ ውስጥ ፈጣን አራሚ ያለው ይኖራል፥ ወፍራም መጋረጃ ያለው ይኖራል፤ ማን ምን እንዳለው ዛሬ የሚያውቅ የለም። ከቦሌ ቡልቡላ እስከ ጎሮ፥ ከሰሚት እስከ ቦሌ አራብሳና የካ አባዶ ያለው መረሬ መሬት ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በፊት ጤፍ፥ ስንዴና ሽምብራ ይዘራበት የነበረ ነው። አሁን ፎቅ ቤት ቆሞበታል። ሕዝቡ ቤት ይፈልጋልና በዚህ አንቃወምም፤ እኛም ራሳችን ቤታችንን የሠራነው በሰው ማሳ ላይ ነው። ነገር ግን ማሳው ሲሄድ ያ ማሳ የሚያውቀው ዘር ወዴት ሄደ ብሎ የጠየቀ ሰው ስንት ነው?

መንግሥት ይህን ቀድሞ ዐስቦበታል። በ1976 ዓመት በጀርመን አገር ርዳታ የእፅዋት ዘር ማዕከል በአዲስ አበባ ተቋቁሞ፥ ከየአውራጃው የተሰበሰበው ዘር በብርድ ቤት እንዲጠበቅ ተደረገ፤ ይህ መሥሪያ ቤት ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይባላል። ብዙ ዓመት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ግን ዘር በብርድ ቤት ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይም እየተዘራ እንዲጠበቅ የደከሙ ሰው ናቸው፤ በ1989 ዓመትም ለዚህ ሥራቸው ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን የዓለም ሽልማት ተቀብለዋል። ከላይ የተናገርነውን ያስታወሰ አንባቢ የዚህን አሳብ ብልኅነት ያስተውለዋል። በብርድ ቤት የተኛ ዘር ፀሐይን አያይም፤ ሠላሳ ዓመት ቢተኛ የሚነቃው ሠላሳ ዓመት የቈየ ትምህርቱን ብቻ ይዞ ነው። ማሳ ላይ ያለው ግን በየዓመቱ ከፀሐይዋ ጋራ ይፈተናል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጨረርን እንደ ጠላት ብቻ እንዳንቈጥረው ሁለት ነገር እንጨምር። አንደኛው ስለ ልጆች ነው። እናቶቻችን ሕፃኑን አጥበው ቅቤ ቀብተው በማለዳ ፀሐይ የሚያሞቁት ልማድ መልካም ነው፤ አጥንትን የሚያጠና ቫይታሚን ዲ በሰው ቆዳ ላይ የሚሠራው በዚሁ በሁለተኛው ጨረር ነውና። ይህን ያህል ፀሐይ ባለበት አገር አጥንቱ የለመጠ ሕፃን መገኘቱ ብዙዎችን ያስደንቃል፤ ሕፃኑ ሁልጊዜ ተጠቅልሎ ከዋለ ግን የሚያስደንቅ አይደለም። በመስተዋት መስኮት በኩል ማሞቅም አይጠቅምም፤ ተራ መስተዋት ይህን ጨረር ያስቀረዋል። ሁለተኛው ስለ አበባ ነው። ከቦሌ በአውሮፕላን ተጭኖ ወደ ኤውሮፓ የሚሄደው ቀይ ጽጌረዳ በግልጥ ፀሐይ ቢያድግ የአበባው ጠርዝ ስለሚጠቍር፥ አብቃዮቹ ጨረሩን የሚያስቀር ላስቲክ ያለብሱታል። በዚያው ላስቲክ ሥር ቀይ ሰላጣ ቢዘሩ ግን መቅላት ይሳነዋል፤ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። አንዱን የሚያሳምረው ሌላውን ያገረጣል። የእኛ ችግኝ ያደገበትም ላስቲክ ከዚህ ዓይነት ሳይሆን አይቀርም።

ለጓሮ የሚሆነውን ምክር ባልቴቲቱ በሚቀጥለው ወር ራሳቸው አሳዩን። አዲሱን ችግኝ ከነእቃው በዛፍ ጥላ ሥር አኖሩት። በመጀመሪያው ቀን የማለዳ ፀሐይ አንድ ሰዓት አሳዩት፤ በማግሥቱ ሁለት ሰዓት፤ እንዲህ እያደረጉ እስከ ዐሥረኛው ቀን ቀትሩን ሁሉ እንዲችል አደረጉት። ውኃውንም ቀነሱበት። ቅጠሉ ሲጨብጡት ሻከር ያለ፥ መልኩም የጠለቀ ሆነ። ከዚያም በደመና ቀን ከሰዓት በኋላ ተከሉት። ከሰማንያው ችግኝ የሞተው አራት ነው። ችግኝን የሚያጠወልገው ይህ ጨረር ብቻ አይደለም፤ የቀኑ ብርሃን ብርታትና ነፋሱም ይተባበሩታል፤ ይሁን እንጂ ማለማመዱ ለሦስቱም ይረዳል።

በሰኔ መጨረሻ ባልቴቲቱ በጨርቅ የተቋጠረ አንድ ጭብጥ ገብስ አመጡልን። ከቡልቡላ ማሳቸው የመጨረሻው አጨዳ ላይ ያስቀሩት ዘር ነው፤ በየሁለት ዓመቱ በሰው ጓሮ እየለመኑ ሲዘሩት ኖረዋል። ባለቤታችን ሰላጣው የነበረበትን መደብ ለቀቁላቸው። ገብሱ በመስከረም አገዳው ሥር ሐምራዊ ሆኖ ታየ፤ እሸቱም ሲወጣ ከፊሉ ጥቁር፥ ከፊሉ ነጣ ያለ ነበር። በኅዳር አጨድነው። የተገኘው አንድ ቁና አልሞላም። ባልቴቲቱ ጥቂቱን ቆልተው ለልጆቹ ሰጡ፤ ከቀረው ግማሹን በዚያው ጨርቅ ቋጥረው ወሰዱ፤ ግማሹ አሁን በቤታችን ከመዝገብ ሣጥኑ አጠገብ በጠርሙስ ተቀምጦ ሰኔን ይጠብቃል።